በፖስታ ሣጥናችን ላይ ያለው ሦስተኛ ስም

እኔና እናቴ የኖርንበት አፓርትመንት መግቢያ ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩ ዐሥራ ስምንት የብረት ፖስታ ሣጥኖች አሉ። የእኛ ከታች ሁለተኛው መደዳ ላይ ነበር። በበሩ ላይ እናቴ በእጇ የጻፈችው ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፤ ሦስት ስም አለበት። አንደኛው የእሷ፣ ሁለተኛው የኔ፣ ሦስተኛው የታላቅ ወንድሟ። አጎቴ እዚያ ቤት ኖሮ አያውቅም። ሚኒሶታን ቀርቶ አሜሪካን አላያትም። እኔም አይቼው አላውቅም።

ወረቀቱን የጻፈችው ገና እንደመጣን ነው፤ ሦስት ዓመቴ ነበር። በሣጥኑ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ደብዳቤ ሊመለስ እንደሚችል አንድ ሰው ነግሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ሲደበዝዝ ታድሰዋለች። አዲስ ፖስተኛ በመጣ ቁጥር ግራ ይጋባል። እናቴና ወንድሟ በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ለእሱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። እኔ ግን ሌላ ስቴት በሚኖረው አባቴ ስም ስለምጠራ፣ አንዱን መኝታ ቤት የተከራየሁ እንግዳ እመስለዋለሁ። አንዱ ፖስተኛ እየሳቀ፣ "አንቺ ደግሞ ማነሽ?" ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ልጇ ነኝ ማለት አፍሬ ቁልፌን አሳየሁት።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ኤደን ፕሬሪ ከተማ ሥራ እንዳገኘሁ፣ እዚያው አካባቢ አሳንሰር ያለው ቤት ፈለግሁ። የኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰር የለውም። እናቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ኖራ ጉልበቷ አልቋል። ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ ቆማ፣ አንድ ነገር የረሳች መስላ ቦርሳዋን ትፈትሻለች። እያረፈች መሆኑን እንዳላውቅባት ነው።

"እማዬ፣ ሙቭ እናድርግ" አልኳት።

"ደብዳቤ ቢመጣስ?"

"ፖስታ ቤቱ ወደ አዲሱ ቤት ፎርዋርድ ያደርጋል እኮ። ፎርም እንሞላለን።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ለአንድ ዓመት።"

"ከዓመት በኋላ ቢጽፍስ?"

 መልሴን ሳትጠብቅ ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

አጎቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው ወደ ምዕራብ ቆላ ለሰፈራ ከሄዱት አንዱ ነው። እናቴ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች። "ወንድም ጋሼ" ነው የምትለው፤ ስሙን በጸሎት ጊዜ ብቻ ነው የምትጠራው። ከሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤ መጣላት። በጠቅላላው አምስት ደብዳቤዎች ደርሰዋታል፤ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነው የምታስቀምጣቸው። ሁሉም ከላይ "ጉዳዩ፦ ሰላምታ" ብለው ይጀምራሉ።

"የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይመስል!" እያለች ትስቅ ነበር። "ለእህቱ ሲጽፍ ጉዳዩ ይላል! የጻፈለት ሰው ነው እንጂ፣ ወንድም ጋሼስ ፊደል አልቆጠረም።"

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ልታየው ሄደች። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሯ። ወንዙ ዳር ስትደርስ ክረምት ነበር፤ ውኃው ሞልቶ ማሻገሪያው ታንኳ የሚጎተትበት ገመድ ተበጥሷል። ከማዶ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር አንድ ሰው ቆሞ አየች። የወንድሟን ስም ከነአባቱ ጠራች። ሰውየው ዞረ። ደግማ ጠራች። እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ለረጅም ጊዜም አላወረደውም። የውኃው ድምፅ ሌላ ነገር አያሰማም ነበር። ሁለት ቀን ጠብቃ ስንቋ ሲያልቅ ተመለሰች።

"አይቼዋለሁ እኮ" ትላለች። "በዓይኔ ነው ያየሁት። እጁን አነሳልኝ።"

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጻፈች፤ መልስ ግን አልመጣም። ቢሆንም አላለቀሰችለትም። ጥቁር አልለበሰችም። ማታ ስንጸልይ "ባለበት ጠብቀው" ትላለች፤ እኔም አሜን እላለሁ። ልጅ ሳለሁ "ባለበት" የሚባለው ቦታ ሣጥኑ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ቁልፉን ከማዞሬ በፊት ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፍ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን ለአገልግሎት ሲመድብ፣ ማይክ የማይያዝበት ነገር እንዲሰጡኝ ለመንኩ። መዘምራን አልፈልግም፣ የልጆች ክፍልም አልችልም። መዝጋቢዋ ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ "እንግዲያው ሜፕልዉድ ሰፈር አንድ አባት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሜይላቸውን የሚያነብላቸው የለም" አለችኝ። እኚህን አባት አውቃቸዋለሁ። በበዓል ቤታችን ይመጣሉ፤ በር አጠገብ ካለችው ወንበር አይርቁም፤ እናቴ ሳህናቸውን ስትሞላ አንገታቸውን ይደፋሉ። በሱዳን በኩል እንደመጡ እንጂ ሌላ ስለራሳቸው የሚያወሩት የለም። ስኳር ነው ዓይናቸውን የወሰደው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሣጥናቸውን ከፍቼ ፖስታውን ይዤ እወጣለሁ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው። መጀመሪያ ፖስታዎቹን በእጃቸው ይዳስሷቸዋል፤ ጠርዛቸውን፣ ክብደታቸውን፣ ቴምብር ካላቸው ቴምብሩን። ከዚያ ይሰጡኛል።

"ከየት ነው?"

"ከኢንሹራንስ ነው፣ አባባ።"

"አንብቢው።"

"ይሄኛው ማስታወቂያ ነው። ምንጣፍ የሚያጥቡ ሰዎች።"

"አንብቢው።"

"አባባ፣ ምንጣፍ የለዎትም እኮ።"

"እነሱ ይህን አያውቁም። ሰው አስቦ ጽፏል፤ አንብቢው።" ከዚያ ፈገግ ብለው፣ "አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። እንደ ቴምብር ተለጥፈሽ ልትቀሪ ነው" ይሉኛል።

ምንጣፍ ስለማጠብ አንድ ሙሉ ገጽ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ አነብባለሁ። ሳላውቀው ድምፄ ያደገው እዚያ ቤት ነው።

ከሚመጣው ውስጥ ግማሹ የእሳቸው አልነበረም። ከሳቸው በፊት በዚያ ክፍል የኖረች አንዲት ሴት ነበረች፤ እዚያው ሞታለች። የመነጽር ቤት፣ የዘር ካታሎግ፣ የልደት ካርድ የሚመስል ነገር በስሟ ይመጣል። እንድጥለው አይፈቅዱልኝም። የጫማ ካርቶን አለ፤ ፖስታዎቹን እዚያ በተርታ ያቆሟቸዋል።

"ተመላሽ ብዬ ልጻፍበትና ለፖስተኛው ልስጠው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ምን ብለሽ?"

"ሞታለች ብዬ።"

እጃቸው ካርቶኑ ላይ ቀረ። "እሱን እኔ ጽፌ አላውቅም" አሉ።

ስለ ወንዙ ሊነግሩኝ የጀመሩት ያን ዕለት ነው። በአንድ ቀን አልጨረሱትም፤ አራት ወይም አምስት ቅዳሜ ፈጅቷል። የወንዙን ስም አይጠሩም፤ "ወንዙ" ብቻ ነው የሚሉት።

"ከመኪና አውርደውን ሲሄዱ መንደራችን ስም እንኳ አልነበረውም" አሉ። "ቁጥር ነበር። መንደር ዐሥራ ሁለት። ሣሩ ከሰው ይረዝማል። ሁላችንም የደጋ ሰው ነን፤ ወባ ምን እንደሆነ አናውቅም። ፖስታ ያለበት ከተማ ከወንዙ ማዶ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ክረምት ደግሞ ወንዙን ማን ይሻገራል? እናቱን ጥሎ የመጣ እናቱ ትኑር ትሙት አያውቅም። እሷም እንደዚያው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር የመንደሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። ማመልከቻ ጻፍኩ። ጉዳዩ፦ የፖስታ አገልግሎት እንዲጀመርልን ስለመጠየቅ።"

"መለሱልዎት?"

"የመጀመሪያው የት እንደገባ አላውቅም። በሁለተኛው 'ይታያል' አሉን። ሦስተኛውን ስንልክ፣ በቁጥር አነስተኛ ለሆነ መንደር የፖስታ ከረጢት አይላክም፤ አባወራው ስንት ነው ብለው ጠየቁን።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አውራ ጣቶቻቸውን በየተራ ዳሰሱ። "ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። አንዱ፣ 'ከመኪናው ስንወርድ ስንት ነበርን?' አለኝ። ነገርኩት። 'ያንን ጻፍ' አለ። ግማሹ እኮ የለም አልኩ። 'እነሱስ ደብዳቤ አልጠበቁም?' አለኝ። ምን እላለሁ?"

በዚህ ሁኔታ ማመልከቻው ተፈረመ። ቀለሙ ከከሰል የተበጠበጠ ነው። እያንዳንዱ ሰው በግራ አውራ ጣቱ ለራሱ ያትማል፤ በቀኙ ለሞተበት። ባል ለሚስት፣ አባት ለልጅ። እዚያ መንደር ማንም ዘመድ የሌለው አንድ ወጣት ነበር፤ ከአባባ ጋር በአንድ መኪና ተሳፍሮ የመጣ፣ በአንድ ጎጆ ጎናቸው የተኛ፣ በመጀመሪያው ክረምት በወባ የሞተ።

"ለእሱ እኔ አተምኩ" አሉ። "ቀኝ ጣቴን ሳነሳው ወረቀቱ አብሮ ተነሳ፤ ተጣብቆ። በግራ እጄ ነው ያላቀቅሁት።"

ተፈቀደላቸው። በየዐሥራ አምስት ቀኑ፣ ወንዙ ሲፈቅድ፣ በታንኳ ከረጢት ይሻገር ጀመር። ነገር ግን የሰፋሪዎቹ ዝርዝር ወደመጡበት ወረዳም ተልኮ ነበር፤ ቤተሰብ አድራሻቸውን አውቆ እንዲጽፍላቸው። በየቀበሌው ስም ተነበበ። የሞቱት ሰዎች እናቶች የልጆቻቸውን ስም ከሕያዋን ጋር ሲጠራ ሰሙ።

"ያንን አላሰብነውም" አሉ አባባ።

ከረጢቱ ሲመጣ አባባ ጉቶ ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ። ያለው ሰው "አቤት!" ብሎ እየሮጠ ይመጣል። የሌለው ሲጠራ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ለማን ይመልሱት? ሞት በደብዳቤ አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ ጎረቤት አስተባብሮ፣ በማለዳ ነው መርዶ የሚነገረው፤ የሰማው ሰው ብቻውን እንዳይሆን። ከዚያ ወንዝ ተነስቶ ወሎ ድረስ ሄዶ የሚያረዳ ደግሞ ማን ነበር? ደብዳቤዎቹን በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጧቸው።

"የዚያ ወጣት እህት ነበረችው" አሉ በመጨረሻው ቅዳሜ። ውጭ በረዶው እየቀለጠ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይል ነበር። "ትንሽ ልጅ። በተማሪ ደብተር ወረቀት ትጽፋለች፤ መስመሩን ሳትለቅ። ሁለቱን ሣጥን ውስጥ ከተትኳቸው። በሦስተኛው፣ 'ወንድም ጋሼ፣ አራተኛ ክፍል አንደኛ ወጣሁ፤ ማንበብ የማልችል መስሎህ ነው ዝም የምትለኝ?' አለች። መለስኩላት። እንዴት እንደሚጻፍ የማውቀው ማመልከቻ ብቻ ነበር። ጉዳዩ፦ ሰላምታ ብዬ ጀመርኩ። ደህና ነኝ አልኩ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው።"

እጄ ላይ የነበረውን የኤሌክትሪክ ቢል አጥፌ፣ መልሼ ዘርግቼ፣ ደግሜ አጠፍኩት።

"ስንት ጊዜ መለሱላት?" አልኩ።

"አምስት።"

"ከዚያስ?"

"መጣች።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "አደገችና መጣች። ክረምት ነበር። ከማዶ ቆማ ስሙን ጠራች። መንደሩ ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ ዛፉ ሥር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከማዶ ሆኖ 'ሞቷል' ተብሎ ይጮሃል? ለአንዲት ሴት፣ ብቻዋን፣ በዚያ ጎርፍ ዳር? እጄን አነሳሁ። ቆይ፣ ተመለሽ፣ አትሻገሪ ማለቴ ነበር። እሷ ግን ሳቀች። ርቀቱ እንኳ ሳቋን አልደበቀውም። ከዚያ በኋላ እጄን ማውረድ አቃተኝ።"

ቢሉን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። 

ከሸሚዛቸው ኪስ አንድ ፖስታ አወጡ። ለዓመታት በኪስ የኖረ ወረቀት ጨርቅ ይመስላል። "ይህን አንብቢልኝ። የመጨረሻዋ ናት፤ ከዚህ አገር የጻፈችው። ዓይኔ ሳይጠፋ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። አሁን ግን በሰው ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ።"

በጀርባው ያለውን የላኪ ስምና አድራሻ ሳላነብ ጽሑፉን አወቅሁት። እናቴ የምትጽፈው "ሀ" ፊደል ግራ እግሩ ረዘም ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እዚያ ቤት ጮክ ብዬ ማንበብ ስለለመድኩ ነው እንጂ ድምፁ የኔ አልመሰለኝም።

"ወንድም ጋሼ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ አሜሪካ ገብቻለሁ። ሴት ልጅ አለችኝ፤ ሦስት ዓመቷ ነው። ብዙ አትናገርም፤ ዝም ብላ ሰው ታያለች። በዚህ አድራሻ ጻፍልኝ። እስክትጽፍልኝ ከዚህ አልነቃነቅም።"

"ዝም ብላ ሰው ታያለች የተባለችው አንቺ ነሽ" አሉ አባባ።

አባባ አሜሪካ ሲመጡ መጀመሪያ ያስገቧቸው ሌላ ስቴት ነበር። አድራሻው በኪሳቸው ስለነበር ወደ ሚኒሶታ መጡ። ሊነግሯት ነበር የመጡት። የእኛን ቤተ ክርስቲያን አገኙ፣ እሷን አገኙ፤ በመጀመሪያው እሑድ እጃቸውን ይዛ "ከየት ነው የመጡት፣ ጋሼ? ምሳ ቤቴ ይምጡ" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ በር አጠገብ ተቀምጠው ሳህን ሙሉ በሉ።

"አፌ ምግብ ሲሞላበት መናገር ቀረ" አሉ። "እኔ አልቃለሁ፣ ልጄ። ከኔ ጋር ይህም ካለቀ፣ እናትሽ እዚያ ደረጃ ላይ ትሞታለች።"

ስለ ደረጃው የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ቤት እንደፈለግሁ፣ እንቢ እንዳለችኝ፣ ምንጣፍ ማጠቢያና ኢንሹራንስ መካከል አውርቼላቸዋለሁ።

ልጅ እናቷን አታረዳም። ይህንን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወልኩ፤ ከመደወሌ በፊት የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ ስልኩን ሲያነሱ ግን ወረቀቱን አላየሁትም። እሳቸው፣ "በሚመጣው ቅዳሜ ንጋት፤ እስከዚያ ፊትሽ እንዳይነግርብሽ" አሉኝ። እናቴ ሥራ ቦታም ደውዬ፣ ሳታውቅ፣ የዕረፍት ቀን ጠየቅሁላት።

እነዚያን ሰባት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። በየማታው "ባለበት ጠብቀው" ትላለች። አሜን እላለሁ። ሐሙስ ዕለት ሳልል ቀረሁ። ዓይኗን ከፍታ አየችኝ። "አሜን አላልሽም" አለች። "አሜን" አልኩ። በሣጥኑ በኩል ሳልፍ ሦስተኛውን ስም ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ሄድኩ። እሷ ግን ያን ሳምንት ወረቀቱን አድሳው ነበር፤ ፊደሉ ጥቁር፣ ገና ያልደረቀ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ አባባን ላመጣ ሄድኩ። ሙሉ ልብስ ለብሰው ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ስንመለስ ድልድዩን መሻገር አለብን፤ ቤታችን ከሚሲሲፒ ማዶ ነው። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር፤ ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመዋል። የመኪናው ጎማ የድልድዩን ብረት ሲነካ ድምፁ ተለወጠ።

"ወንዝ ነው?" አሉ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ሞልቷል?"

"ሞልቷል።"

ማዶ እስክንደርስ የበሩን እጀታ ይዘው ቆዩ።

ሽማግሌው ያስተባበሯቸው ሰዎች ሣጥኖቹ ፊት ለፊት ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ ስምንት ሆነው። አንዱ ከሻኮፒ መጋዘን ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣ ነው፤ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ አላወለቀም።  ደረጃውን ስንወጣ አባባ በየፎቁ ቆሙ፤ እናቴ የምትቆምበት ቦታ ላይ።

በሩን የከፈተችው ነጠላዋን ተከናንባ ነው። አየችን። በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል ሰው፣ ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ። የኛ ሰው ይህን ሲያይ መርዶ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

"ልጄ!" ብላ ጮኸች።

"አለሁ፣ እማዬ፤ እዚህ ነኝ።"

ያዘችኝ። ከዚያ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች። "ታዲያ ማን ነው?" አለች። "ማን ነው? እናንተ ሰዎች፣ ማን አለኝ?"

ሽማግሌው ሊናገሩ ጀምረው ወደ አባባ ዞሩ። አባባ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደፊት መጡ። ፖስታውን ከኪሳቸው አወጡ። ቀጥ ብለው ቆመው፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ ለብዙ ሕዝብ እንደሚጠራ ሰው የአጎቴን ስም ከነአባቱ ጠሩ።

እናቴ አፏ ተከፈተ።

"አቤት" አለች።

"ደብዳቤ መጥቶለታል" አሉ አባባ። "ሲመጣ እሱ አልነበረም። የመጀመሪያውም ሲመጣ አልነበረም። የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ፤ የሱን ጣት ያተምኩትም እኔ።"

ፖስታውን ተቀበለች። የራሷን ጽሑፍ አየች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፤ ጩኸቷ የታችኛው ፎቅ ሰዎች በር ከፍተው እስኪወጡ ድረስ ነበር።

ሦስት ቀን ሰው ተቀመጠ። አባባ በር አጠገብ ካለችው ወንበር አልተነሱም። ውኃ ሲሰጧቸው ይቀበላሉ፤ ምግብ አልነኩም። ያን ጊዜ ዛፉ ሥር የቆሙት እሳቸው እንደነበሩ በሁለተኛው ቀን ነግረዋታል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ሰው ሲቀንስ፣ እናቴ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ተነስታ የክፍሉ ሌላው ጥግ ላይ ሄዳ ቆመች። በመካከላቸው ያለው ምንጣፍ ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱልኝ" አለች።

አነሱ። ቀኝ እጃቸውን፣ ወደ ላይ፣ መዳፉ ወደ እሷ ዞሮ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከመጡት ሴቶች አንዷ "ተይ እንግዲህ" ልትል ጀምራ ተወችው። አባባ እጃቸውን አላወረዱም።

"እሱ ነው" አለች እናቴ። ከዚያ ተሻግራ ሄዳ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ አወረደችላቸው።

ይቅር እንዳለቻቸው አላውቅም። አልጠየቅሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፖስታቸውን ላነብ ስወጣ ምግብ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ "ይብሉ በያቸው" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

በበጋ ኤደን ፕሬሪ ገባን። ከመውጣታችን በፊት የፖስታ አድራሻ መቀየሪያውን ፎርም ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ፎርሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሚዛወረው አንድ ሰው ነው ወይስ ቤተሰብ የሚል ነው። የአባት ስማቸው አንድ የሆኑ ሰዎች በአንድ ፎርም ይዛወራሉ፤ ስሙ የተለየ ለብቻው ይሞላል።

እናቴ በትከሻዬ በኩል አየችው። "ምን ይላል?"

ነገርኳት።

"ቤተሰብ በይው" አለች።

"እማዬ፣ አንቺ ብቻሽን እኮ ነሽ።"

"የሚጽፍለት እንደሌለ አውቃለሁ" አለች። "ስሙ ግን ብቻውን እዚህ አይቀርም።"

"ቤተሰብ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እናቴና ወንድሟ በአንድ ወረቀት ተዛወሩ። ለራሴ ሌላ ፎርም አውጥቼ፣ "አንድ ሰው" በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ስሜን ጻፍኩ።